ማንም የማይቆፍረው ሥር

ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ሰው አንድ ቀን አጠገቤ ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሥራዬን ያርማሉ ብሎ የነገረኝ ቢኖር፣ መልቀቂያዬን ቀድሜ እጽፍ ነበር። ግን ማን ይንገረኝ? የጠቆምኳቸውም እኔው ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ከፍራሽ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባት ነን። የምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ተጫዋቹ የሌለ ዓለም ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሰው ሆኖ የሚኖርበት ዓይነት። አዳኝ መሆን የፈለገ አዳኝ ይሆናል፣ ሐኪም የፈለገ ሐኪም፣ ሌብነት ያማረውም አይከለከልም። ለዚህ ዓለም ዕፅዋት የሚፈጥር ሰው ሲፈለግ፣ እኔ በገዛ አፌ፣ «አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪዬ አሉ፤ ስለ ቅጠል ማውራት ከጀመሩ ምሳ ይረሳሉ» አልኩ። አለቃችን በማግስቱ ቀጠራቸው። እሳቸው ያሰቡትን ተክል በኮድ የምጽፈው እኔ ፕሮግራመሯ ስለሆንኩ፣ ጠረጴዛችን ተጋጠመ።

ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ዛሬም ከሸሚዛቸው ኪስ አይጠፋም። በመጡ በሳምንቱ ሠዓሊያችን አንድ የሚያበራ ሐምራዊ ዛፍ ስሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሁላችንም አደነቅንለት። ቲቸር መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና፣ ጥግ ላይ በቀይ «4/10፤ ሥሩ የታለ?» ብለው ጻፉበት። ሠዓሊው የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈ።

ለእያንዳንዱ ተክል ጥያቄ አላቸው። ውሃ ከየት ያገኛል? ማን ይበላዋል? ዘሩንስ በምን ይልካል? ይህን ያልመለሰ ተክል እሳቸው ዘንድ አያልፍም፤ ቢያበራም ባያበራም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከድንጋይ ላይ ጤዛ የሚልስ ቁጥቋጦ ፈጠሩ፤ ይሄ በቅጠሉ ነው የሚጠጣው። ሰው ሲጠጋው የሚዘጋ፣ ተመልሶ ለመከፈት አንድ ቀን የሚፈጅ አበባም አላቸው፤ ስሙን «አኩራፊ» አሉት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣላቸው ስጠይቃቸው፣ «ቤት መጥተሽ ባለቤቴን ተዋወቂያት» አሉኝ።

ሄጄም ተዋወቅኳቸው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ግራ ቀኙን በቆርቆሮ የተተከለ ቡቃያ ከቦታል፤ ግማሹ ከመሃል ለሁለት ተሰንጥቆ ሥሩ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይታያል፤ ቲቸር መሳል ከመጀመራቸው በፊት እውነተኛውን ሰንጥቀው ካላዩ አይሆንላቸውም። ባለቤታቸው ክር እየበጠሱ፣ «ጡረታ ሲወጣ አርፋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ደግሞ የሌለ ዛፍ ያጠጣል» አሉኝ። ቲቸር ሰምተው ለአንዱ ቡቃያ ውሃ ጨመሩለት።

የኔ ጨጓራ የተቃጠለው ግን በሥር ነው።

«ቲቸር፣ እዚህ ጌም ውስጥ መሬት አይቆፈርም። ሥሩን ማንም አያየውም» እላለሁ።

«አንቺ የራስሽን ጉበት አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይኑር ወይስ ይውጣ?»

ቁጭ ብዬ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተክል ሥር ሠራሁ። በዚያ ቢበቃ ጥሩ፤ ውሃ ከአፈር በሥር በኩል ወደ ቅጠል የሚወጣበትን ሕግ ሳይቀር አስጻፉኝ። ሥር ውሃ ካጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሲብስበት ይረግፋል። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አንጀቴ እያረረ ነው የጻፍኩት። ሲያልቅ ግን፣ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ዘንቦ አንድ የጠወለገ ዛፍ ቀስ ብሎ ቀና ሲል፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ቲቸር «ልክ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ተክል አለፉ። ምስጋና ከሳቸው አፍ አይወጣም።

ድሮም እንዲሁ ናቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ አንድ የቤት ሥራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ አዘግይቼ ሰጠኋቸው። በቀይ «መልሱ ልክ ነው፤ ግን ዘግይቷል» ብለው ጻፉና ከታች እንቁላል የሚያህል ዜሮ አስቀመጡልኝ። እናቴ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ብትለምናቸው ወይ ፍንክች። ያን ዜሮ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቂመኛ ነኝ።

ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል አለቃችን ቁርጡን ነገረን። ጌሙን ለገበያ የሚያወጣልን ድርጅት ሰዎች ሐሙስ ሊያዩት ይመጣሉ። ከወደዱት የቲቸር ዕፅዋት ይቆያሉ። ካልወደዱት ይነቀሉና ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዛፍ ተገዝቶ ይገባል፤ ቲቸርም ይሰናበታሉ። ቲቸር ምሳ ላይ ዳቦአቸውን እየቆረሱ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ የፈጠረውን ተክል ሳስተምር ኖርኩ። እነዚህ የኔ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ በፊት ስለ ራሳቸው አንድም ነገር ነግረውኝ አያውቁም። ጨው አቀበልኳቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ቲቸር ጥርሳቸውን ሊታከሙ ወጡ። ጌሙ ጫካው ጋ ሲደርስ ይንቀረፈፋል፤ ተጫዋቹ እግሩን ያነሳና አየር ላይ ይቆማል። አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ በየአሥር ደቂቃው፣ «አቅልይው፣ እንደምንም ብለሽ አቅልይው» ይለኛል። ያየሁትን ሁሉ ብቀንስ አልቀለለም። በመጨረሻ ማንም የማያየው ምን አለ ብዬ ሳስብ ሥሮቹ ትዝ አሉኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም አጠፋኋቸው። ጌሙ ሮጠ። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ለቲቸር ነገ ከእንግዶቹ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀሙት ሌላ ሰው ናቸው።

ሐሙስ ሁለት እንግዶች መጡ፤ አንድ ዝምተኛ ሰውዬና አንዲት ሁሉን ነገር የምትጽፍ ሴት። ቲቸር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጉንጫቸው ከሕክምናው እንዳበጠ፣ ከኋላ ቆሙ። መጀመሪያ ሁሉም አማረ። አኩራፊ ሲዘጋባት ሴትየዋ ሳቀች፤ ቲቸር ያልቆሸሸ መነጽራቸውን ጠረጉ። ይሄኔ አለቃችን ልቡ ሞላና፣ «አሁን ደግሞ በጋውን እናሳያችሁ» ብሎ ወቅቱን ቀየረው።

ዝናቡ ቆመ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ዛፎች ጎበጡ፣ ከዚያ ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጫካው በሙሉ እንግዶቹ ዓይናቸው እያየ ቅጠሉን አራገፈ። አኩራፊ እንኳ ሳይዘጋ ደረቀ። ወዲያው ገባኝ። ውሃ በሥር ነው የሚወጣው፤ ሥር ከሌለ ውሃ የለም። ረቡዕ ያልታየኝ የሞከርኩት በዝናቡ ወቅት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ቅጠሎቹ ቀድመው የያዙት ውሃ ነበራቸው። ሕጉን የጻፈው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም። ስምንት ወር ያረርኩበትን ነገር በአንድ ከሰዓት እንዴት እረሳለሁ?

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አቁማ፣ «ይሄ የታሰበበት ነው?» አለች።

አለቃችን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ቲቸር ዞረ። ቲቸር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። በዚያ ሁሉ ድርቅ መሃል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ጤዛ ላሹ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። እሱን ትንሽ አዩት።

«በቅጠሉ የሚጠጣው ብቻ ነው የተረፈው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌሎቹ ሥር የላቸውም።»

«ሥር ሥር እያሉ ነው እኮ ለዚህ ያበቁን» አለ አለቃችን፤ እንግዶቹ ፊት። «እኔ የጠየቅኩት ዛፍ ነው፣ ቲቸር። ዛፍ ብቻ።»

ቲቸር ዞረው እኔን አዩኝ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቀው፣ መልሱን እንደምታውቂው አውቃለሁ ብለው እንደሚጠብቁት ጠበቁኝ። ዓይኔን ኪቦርዱ ላይ ተከልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የኔው ያኔውኑ ነው የነቀዘው። ቲቸር እንደማልመልስ ሲገባቸው ጃኬታቸውን ቆለፉና እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃችን ነገርኩት። ሥሮቹን መልሼ፣ በጋውን አምጥቼ፣ ጫካው ትንሽ ደብዝዞ ሳይሞት ሲቆም አሳየሁት። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ከእንግዶቹ ጋር ተፈራርመናል፤ ዛፎቹም ተገዝተዋል» አለ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ብለፈልፍ ምንም ሊመጣ አልቻለም። «አቅልይው ያልከኝ አንተ ነህ» ስለው፣ «ሥሩን ንቀይ አላልኩሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያም አናደደኝ።

ለቲቸር ግን ፊት ለፊት መናገር ስለሚያቅተኝ ጻፍኩት። ምን እንዳጠፋሁ፣ መቼ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ቤታቸው ስደርስ በር የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ከሐሙስ ወዲህ ቃል አልወጣውም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስለ ዛፍ ሲያወራ ነበር የሚሰለቸኝ፤ ዝም ሲል ባሰ፣ ልጄ። ግቢ እስቲ።»

ቲቸር መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቆርቆሮዎቹ ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል፤ የስፌት መኪናዋ ዙሪያ ባዶ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት፣ ጨርሰውም እንደገና ከላይ ጀመሩ። እጃቸው በራሱ ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ሄደና ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ታች ላይ ጻፉና መለሱልኝ።

«መልሱ ልክ ነው፤ ግን ዘግይቷል» ይላል።

የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ፤ ፈለግኩት። ከታች ምንም የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ እዚያም የለም።

«ቲቸር፣ ዜሮውን ረሱት» አልኳቸው።

«አልረሳሁም» አሉ እስክሪብቶውን እየከደኑ። «አስተማሪሽ አይደለሁም እኮ አሁን።»

ባለቤታቸው እስከ ደረጃው ሸኙኝ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የተገዙትን ዛፎች መትከል ጀመርኩ። ቀላል ናቸው፣ ጌሙ አይንቀረፈፍም። በጋ ቢሆን ክረምት ቢሆን አንድም ቅጠል አይረግፍላቸውም። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሠዓሊው ኮቱን ይጥልበታል።