የኢንጂነሩ ሰኞ

ሰያፍ እንጨት ለፈሪ ነው ይል ነበር። ቋሚው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ አግዳሚው ከላይ ከተጋደመ፣ ጥጉን በሰያፍ መደገፍ ጤነኛን ሰው ምርኩዝ ማስያዝ ነው ባይ ነበር። ሚስቱ ልብስ መስፊያዋ ላይ እንዳቀረቀረች «እውነትህን ነው» ትለዋለች። እውነቱን እንዳልሆነ ከማንም ቀድማ የምታውቀው ግን እሷ ነበረች።

ነገሩ በዶሮ ቤት ተጀመረ። ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ግቢው ጥግ ሲያንኳኳ ውሎ፣ አራት ቋሚና አንድ ቆርቆሮ አቁሞ፣ መዳፉ ተላልጦ ፊቱ በርቶ ገባ። አባቱ «እጀ ሰባራ» እያለ ነበር ያሳደገው። እንግዳ በተቀመጠበት ሳይቀር «ይሄኛው ልጄ እጅ የተሰጠው ለመብያ ብቻ ነው» እያለ ያስቅበት ነበር። ሚስቱ ይህን ስለምታውቅ ያን ማታ የተላለጠ መዳፉን ቀስ ብላ ቅባት ቀባችለት።

በማግስቱ እሱ ወደሚሠራበት የጨርቅ መጋዘን ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ የዶሮ ቤቱ ዘመመ፤ ቀጥሎም ዶሮዎቹ ላይ ተኛባቸው። አንዲት ቄብ እዚያው ቀረች። ሚስት ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ የሰፈሩ አናጺ ዘንድ ሮጠች።

አናጺው ምላሰኛ ነበር። ፍርስራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና «እትዬ፣ ይሄ የዶሮ ቤት ነው የዶሮ ወጥመድ?» አላት።

«አፍህን ያዝና ሥራ። እሱ ሳይመጣ እንደነበረ ይሁንልኝ።»

«እንደነበረ ከሆነማ መልሶ ይወድቃል።»

«እንግዲያው እንዳልነበረ አድርገህ፣ እንደነበረ አስመስለው።»

አናጺው ከቆርቆሮው ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ሰያፍ እንጨት መታበት። የቋሚዎቹን እግር ሲሚንቶ አበላና አፈሩን መልሶ ደለደለበት። ለድካሙ ለልጆቹ ሱሪ ሰፋችለት።

ማታ ባልየው ገባና ቋሚውን በመዳፉ ጠፍ አደረገው። ንቅንቅ አላለም። «አባቴ ይሄን ቢያይ ምን ይል ይሆን» አለ። ቀጥሎ ዶሮዎቹን አየና «አንዷ ቄብስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ድመት» አለችው። «እጅህ ይባረክ።»

በቃ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው። የጎረቤትዋ ድመት እስክትሞት ድረስ ከባልየው ድንጋይ አላመለጠችም።

ከዚያ አግዳሚ ወንበር መጣ። የደጃፍ ጥላ መጣ። የልብስ ማጠቢያ መደብ፣ ሴት ልጃቸው ስትወለድ ደግሞ ዥዋዥዌ። እሑድ እሱ ያቆማል፤ ሰኞ እሱ መጋዘን ሲገባ አናጺው በጓሮ በር ገብቶ ያጸናል። ባልየው የጨረሰውን ነገር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ የመጨረሻውን ሚስማር ሲመታ ልቡ ወደሚቀጥለው ሥራ ሄዷል። የሠራው ሁሉ ዓመት አልፎት፣ ዝናብ ዘንቦበት፣ ነፋስ ነፍሶበት አለመውደቁን ብቻ ያያል። ከዚህም ተነስቶ ያቺን የሰያፍ ትምህርቱን ደረሰባት። ከዓመት ዓመትም እያጠናከራት ሄደ፤ ምን ይደረግ፣ ማስረጃው ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ሰፈሩ አወቀ። አናጺው መቼ አፉን ይዞ ያውቃል። እውነት ለመናገር ሚስትም አንድ ቀን ቧንቧ ወረፋ ላይ፣ ሴቶቹ ሲያሟት ከምትሰማ አብራ መሳቅ ይሻላል ብላ፣ የባሏን አቋቋም፣ መዶሻ አነሳሱን፣ ቋሚውን ጠፍ ሲያደርግ የሚያሳየውን ኩራት አስመስላ አሳየቻቸው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ጥለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ኢንጂነሩ» አሉት። እሱም ስሙን ወደደው፤ በመንገድ «እንዴት አደርክ ኢንጂነሩ» ሲሉት ደረቱ ነፋ ይላል።

ደግሞም በሰፈሩ አንድ አባባል ወጣ። ሁለተኛ እጅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ «ሰኞ ይፈልጋል» ይባል ጀመር። ጠማማ የተሰፋ ጠርዝ ሰኞ ይፈልጋል። አንሶ የተቆረጠ ፀጉር ሰኞ ይፈልጋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ኢንጂነሩ አባባሉን ከሰው አፍ ሰምቶ ራሱ ይናገረው ገባ። የጎረቤቱን አጥር አይቶ «ይሄስ ሰኞ ይፈልጋል» ሲል፣ ሰው ከት ብሎ ሲስቅ፣ ቀልድ የሚያውቅ መስሎት አብሮ ይስቃል። ሚስት በመስኮት ታየዋለች። ያን ጊዜ ነው መንገር የነበረባት፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እያለች አለፈችው።

ጡረታ ሲወጣ ሰኞ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሚስት ክር አለቀብኝ፣ ቁልፍ ጠፋብኝ እያለች ሩቅ ገበያ ትልከዋለች፤ አናጺውም ጉልበቱ እያመመው፣ እያነከሰ፣ በጓሮ በር ይገባል።

የተዳረችው ሴት ልጃቸው ሩቅ ሰፈር ናት። እዚያ የቧንቧ ውሃ በቀን ለጥቂት ሰዓት ነው የሚመጣው። ባሏ የውሃ ታንከር ገዛ። ታንከሩን የሚሸከም ማማ ያስፈልግ ነበር፤ ከጣራ ከፍ ያለ፣ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ጎን። ከማማው ሥር ያለው ጥላ የሴት ልጃቸው ልጅ፣ ገና መሮጥ የጀመረች ሕፃን፣ ጭቃ የምታቦካበት ቦታ ነው።

«ሌላ ሰው እንዳትጠሩ» አለ ኢንጂነሩ። «እኔ እያለሁ?»

እየተመላለሰ ሠራው። ሚስት ሊያልቅ ሲል ሄዳ አየችው። ረጃጅም አራት ቋሚዎች፣ ከላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ባዶው ታንከር። ሰያፍ የሚባል የለም። ከዚያው በቀጥታ አናጺው ቤት ሄደች። አናጺው ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ ነው» አለችው።

«ማማ ሰኞ አያውቅም እትዬ። ባዶ ታንከር ነው አሁን ያየሽው። ሲሞላ የበሬ መንጋ ነው እላዩ ላይ የሚወጣው። በስርቆሽ አይጠገንም፤ ፈርሶ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ንገሪው።»

«አንተ ንገረው።»

አናጺው ሳቀ። «እኔማ ብነግረው በመዶሻ ይለኛል። ደግሞ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ መራራውንም አንቺው አጠጪው።»

እሑድ ታንከሩ የሚሞላበት ቀን ሆነ፤ ሁሉም ምሳ ተጠሩ። ሚስት ማእድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ልጇ ተጠጋቻትና በጆሮዋ «ሰኞውን አዘጋጅተሻል አይደል እማዬ?» አለቻት።

«አናጺው እምቢ አለ።»

ልጅቷ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «አንቺን ተማምኜ እኮ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ እዚያ ሥር ነው የምትውለው።»

«ለአባትሽ አንቺ ብትነግሪው፣ አንቺን ይወዳል።»

«እኔ አልነግረውም። የጀመርሽው አንቺ ነሽ።» ይህን ብላ ሽንኩርቱን ከእናቷ እጅ ተቀበለቻት፤ ሂጂ ማለቷ ነበር።

ግቢው ውስጥ አማቻቸው የውሃውን ጎማ ይዞ ቆሟል። ሕፃኗ ከማማው ሥር በጣሳ አፈር ታፍሳለች። አማቹ ማማውን ቀና ብሎ አየና እንደ ዋዛ «አባባ፣ ለማንኛውም ሰያፍ ቢጤ ብንመታበትስ?» አለ።

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ግቢዬን አይተሃል። አንድ ሰያፍ አለው?» ከማእድ ቤት ወደ ወጣችው ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ፀጉርሽ ጥቁር ሳለ የሠራሁት ነው ዛሬም የቆመው። እስቲ ንገሪው፤ እኔ የሠራሁት አንድ ቀን ወድቆብሽ ያውቃል?»

ሁሉም ወደ ሚስት ዞሩ። አማቹ የውሃውን መክፈቻ እንደያዘ ነው። ሕፃኗ ጣሳዋን አንዱ ቋሚ ላይ ታንኳኳለች።

«ወድቋል» አለች።

ቀልድ መሰለው። «ምኑ ነው የወደቀው?»

«ሁሉም። ያልወደቀ የለም። ልጅቷን አንሷት ከዚያ።»

አማቹ ጎማውን ጥሎ ሕፃኗን ብድግ አደረጋት። ኢንጂነሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ሚስቱን ያያል።

«አናጺው ነው ያቆማቸው» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበራትም። «አንተ ሥራ ስትሄድ አስጠራዋለሁ። ሰያፍ ይመታባቸዋል። እንዳታየው ይደብቀዋል። እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?»

ልጅቷ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል አባዬ።»

«ምኑን ነው ሰፈሩ የሚያውቀው?»

«ያው፣ ሰኞ ሰኞ መምጣቱን።»

አማቹ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው በሳል ሊሸፍነው ሞከረ። ኢንጂነሩ ሰኞ የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ ሲያገላብጣት ሚስት አየች። አጥር ላይ ያፌዘባት፣ ከሰው ጋር የሳቀባት ቃል ናት። የሳቁትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ሲያስታውስ ፊቱ አመድ መሰለ። መዶሻውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠ፤ ኮቱን ከአጥሩ ላይ አነሳ፤ ምሳ ሳይበላ ወጣ። ውሃው አልተሞላም። ማማውም በኋላ ፈርሶ በሌላ ሠራተኛ ተሠራ፤ ሕፃኗም ያለ ስጋት ጭቃዋን አቦካች። የዚያ ነገር መጨረሻ ይኸው ነው።

ሚስት ቤት ስትደርስ ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለች ራሷን አጽናናች። ተናዶ ይበርድለታል፤ ይሰድባታል፤ ቢበዛ ይመታታል። ለሁሉም ተዘጋጀች።

ጠዋት ስትነሳ ግቢው መሀል ቆሞ አገኘችው።

«ያሳዩኝ» አላት።

ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ብሏት አያውቅም። እንደ ቁጣ ቆጠረችውና ደስ አላት፤ የተቆጣ ሰው ይታረቃል። አግዳሚ ወንበሩ ሥር ተንበርክካ ሰያፉን በጣቷ አሳየችው። እሱም በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄን መምታት ምን ያህል ያቆየዋል?»

«ብዙም አይቆይ። እስከ ምሳ ቢሆን ነው።»

«ምሳ እዚህ ይበላ ነበር?»

«አንዳንዴ።»

«የት ተቀምጦ?»

«እዚያው፣ ማእድ ቤት።» ይህን ስትል አንድ ነገር ጭንቅላቷን ነካ አደረጋት፤ ግን ወደ ደጃፉ ጥላ መራችው፣ ቆርቆሮውን ገልጣ አሳየችው። ወደ ማጠቢያው መደብ ወሰደችው፣ አፈሩን በጥፍሯ ጭራ ሲሚንቶውን አወጣችለት። እያንዳንዱን ስታሳየው፣ ለአንተ ብዬ እኮ ነው፣ ይሄን ያህል ወድጄህ እኮ ነው ማለቷ ነበር። እሱ ግን እንጨቱን አያይም ነበር።

«የጓሮውን በር ማን ነበር የሚከፍትለት?»

«እኔ ነኛ።»

«በፊት ለፊት ለምን አይገባም?»

«ሰው እንዳያየው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ገባት። ባሏ መጋዘን በዋለ ቁጥር በጓሮ የሚገባ ወንድ፣ ማእድ ቤት ምሳ የሚበላ፣ ልጆቹን የምታለብስለት፣ ሰፈሩም አውቆ የሚስቅበት። ምስክር ልጥራ ብትል ምስክሩ ሁሉ ሰኞ ሰኞ ይመጣ ነበር ነው የሚለው። ፍቅሬን ይመስክርልኝ ብላ የገለጠችው እያንዳንዱ ሰያፍ ያ ሰው አንድ ቀን እዚህ እንደ ነበረ ይናገራል።

«ስማኝ» አለችው። «እንጨት ነው። ሚስማር ነው። ሌላ ምንም የለም።»

«እያየሁ ነው።» ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ። ለብዙ ጊዜ ዶሮ አልኖረበትም፤ የክር መጠቅለያ ካርቶኖቿን ነበር የምታስቀምጥበት። የዛገውን ቆርቆሮ እሱው ራሱ ሳብ አድርጎ ከጀርባው ያለውን ሰያፍ አየ፤ በመዳፉ ዳበሰው። በአጥሩ ቀዳዳ የጎረቤት ዓይን ይታያል። እሱም አይቶታል፤ ግድ አልሰጠውም።

«ይሄን የሠራሁት እንደተጋባን ነው፤ እሱን አውቃለሁ» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ይመስላል። «የምጠይቅዎ ሰውየው የገባበትን ነው። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

በኋላ ብትለው ያምናት ነበር። ያንን ሁሉ ዘመን አምኗታል። በኋላ፣ ልጅቷ እግር ካወጣች በኋላ፣ አርጅቶ ዘመም ሲል ነው ብትለው፣ ቀና ብሎ ያያት ነበር፤ ልጁም ልጁ እንደሆነች ትቀር ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። እንደ ድመቷ፣ እንደ ክሩ፣ እንደ ቁልፉ ቀላል ነበር። ግን ትናንት እውነት ተናግራ የአንዲት ሕፃን ነፍስ አትርፋለች፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ውሸቱ ተመልሳ መኖር አቃታት።

«በፊት» አለችው።