ያልተቀየረው ሞተሪኖ

የመጋረጃ ሰፊዋ ሱቅና የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የስፌት ማሽኗ ሲነሳ እኔ ጋ መደርደሪያው ላይ ያሉት እርሳሶች ይንቀጠቀጣሉ። አስራ አንድ ዓመት ጎረቤት ስንሆን አንድም ቀን ቁጭ ብለን ተጫውተን አናውቅም። ሰላምታዋ ራስ መነቅነቅ ነው። ደንበኛ "ትንሽ ቀንሺልኝ" ካላት መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እስኪወጣላት ድረስ ዝም ብላ ታየዋለች። እኔም ብሆን የምወደድ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ተስማምተን ኖርን።

ሥራዋ ቤት ለቤት ያዞራል። መስኮት ለክታ ትመጣለች፣ ትሰፋለች፣ ከዚያ ዘንጉንና ጨርቁን ጭና ሄዳ ራሷ ትሰቅላለች። ያቺን ደጃችን የምትቆመውን ነጭ መኪና በራሷ ገንዘብ የገዛችውም ለዚሁ ነው፤ ያኔም አሮጌ ነበረች። ባሏ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የሚውል፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። መንዳትም አይችልም። የባሏ ታላቅ ወንድም ግን ከሱቃችን ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ጋራዥ አለው። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ከእሱ በቀር ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም ነበር።

"ሙሽራዬ፣ እንኳንም ቶሎ አመጣሽልኝ!" ይላታል ኮፈኑን እየከፈተ። አስራ ሰባት ዓመት በትዳር የቆየችን ሴት ዛሬም ሙሽራዬ ነው የሚላት። "አንድ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ እኮ መሀል መንገድ ላይ ቀርታልሽ ነበር።"

አንድ ወር ዲናሞ ነው፣ በሌላው ራዲያተር፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ነገር። ሁሉም "ላንቺማ በቤተሰብ ዋጋ" ነው። ይሄ የቤተሰብ ዋጋ የሚባለው የሁለት ክፍል መጋረጃ ድካሟን ጠርጎ ይወስድ ነበር። መኪናዋ ደግሞ ከጋራዥ በወጣች በሳምንቷ ሌላ ድምፅ ማውጣት ትጀምራለች። ሴትዮዋ የስፌት ማሽኗን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷ እየፈታች፣ ራሷ ዘይት እየጠጣች አኑራዋለች... ማሽኑን ማለቴ ነው፣ ዘይት የሚጠጣው እሱ ነው። አንድም ቀን ጠጋኝ ቤት አልሄደም። መኪና ግን የወንዶች ነገር ነው ብላ ነበር የተወችው። ይሄን ስታስታውስ እስከዛሬ ትናደዳለች።

ነገሩ የተገለጠላት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ቤት መስኮት ልትለካ ሄዳ ነው። ጨርሳ ስትወጣ መኪናዋ አልነሳም አለች። ሽማግሌው በነጠላ ጫማ ወጡና ኮፈኑን አስከፍተው የባትሪውን ሽቦ ጫፍ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርገው አጠበቁት። ተነሳች።

"አዲስ ዲናሞ ካስገባሁ እኮ ገና አንድ ወሬ ነው" ብላ አጉረመረመች።

ሽማግሌው ኮፈኑን ሊዘጉ ነበር፤ ተዉት። "የቱን ዲናሞ? ይሄን?"

"አዎ።"

"ይሄማ አብሯት የተወለደ ነው፣ ልጄ። ብሎኖቹን እዪ። ዝገቱ እንዳለ ነው። ቁልፍ ካረፈበት ዓመታት አልፎታል።"

እጇን ሰዳ ዳሰሰችው። ዝገቱ ጣቷ ላይ ቀረ። "ሌላውንስ?" አለቻቸው። እየጠቆሙ አሳዩዋት፤ ራዲያተሩም ያው፣ ባትሪውም ያው። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠም ያኔ ነው ያወቀችው። መኪናዋን ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ሱቄ ገባች። በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ምንም አልገዛችም።

"ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለህ?"

"ለምን?"

"ምስክር እፈልጋለሁ።"

"ለምን እኔን?"

"ማንንም ስለማትወድ" አለችኝ። "ለማንም አታደላም።"

የሠራችው ሥራ ይሄ ነው። ሐሙስ ዕለት መሬት ተኝታ ከመኪናዋ ሥር ገባችና ሞተሪኖው ሆድ ላይ፣ ከላይ በማይታይበት ቦታ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባች። ዓርብ ጠዋት ምንም ያልሆነችውን መኪና ጋራዥ ወስዳ "ስትነሳ ታስቸግረኛለች" አለች። ከሰዓት በኋላ የባሏ ወንድም ደወለላት፤ ሞተሪኖው ተቃጥሎ ነበር፣ አዲስ አስገብቶላታል፣ እንኳንም በጊዜ አመጣችው። ሒሳቡን በዚያው ዕለት ላከችለት።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ከመኪና የተነቀለ የኋላ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሦስት ደንበኞች እሱ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ባለጋራዡ ንጹሕ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ብቅ አለ። እጁም ንጹሕ ነው። መካኒክ እጁ ንጹሕ ከሆነ እኔ በበኩሌ አላምነውም።

"ሙሽራዬ! አለቀልሽ እኮ። እንደ አዲስ ሆናለች።"

"አሮጌውን ሞተሪኖ ያሳዩኝ፣ ጋሼ።"

"ምን ያደርግልሻል? ቆሻሻ ነው።"

"የራሴ ቆሻሻ ነው። ያሳዩኝ።"

ሳቅ ብሎ ጥግ ካለው የብረት ክምር ውስጥ አንድ ሞተሪኖ አንስቶ እግሯ ሥር ጣለላት። በጫማዋ ጫፍ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ ቀይ የለበትም። ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አወጣችና መሬት አንጥፋ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ በጀርባዋ ተንሸራታ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ደንበኞቹ ወሬያቸውን አቆሙ።

"ና እይ" አለችኝ ከታች።

ተንበረከክሁ። ብርሃኑ ካረፈበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ምልክት አለች።

"ቀይ ነው" አልኩ።

ወጣችና ቀሚሷን ሳታራግፍ ፊቱ ቆመች። "ሐሙስ ዕለት በራሴ እጅ ነው የቀባሁት። አዲሱ ሞተሪኖ የእኔን ጥፍር ቀለም ከየት አመጣው?"

ፊቱ አመድ መሰለ። "ሠራተኞቼ ተሳስተው ይሆናል፣ ሙሽራዬ፣ አንቺ ደሞ..."

"የደወልክልኝ አንተ ነህ።"

አንተ አለችው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"ሰው እንዲኖር ብዬ ነው ቅዳሜ የመጣሁት። ሞተሪኖ ብለህ የተቀበልከኝን መልስ።"

"ውጪልኝ! ከነአሮጌ ብረትሽ ውጪልኝ!" ብሎ ኮፈኑን ሲደረግመው ግቢው ተናወጠ። ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ማን ነህ? ምን አገባህ?"

"ምስክር ነኝ።"

"የምኑ?"

"የቀዩ" አልኩት። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ተነሳ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ቁልፎች የራሱን ፈልጎ አነሳ፣ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ባለጋራዡ ሌሎቹም እንዳይከተሉት ፈርቶ የሞተሪኖውን ገንዘብ ቆጥሮ መለሰላት። እስከ መንገድ ድረስ ግን ስድቡ ተከተለን፤ እሷም አንዱንም ሳታስቀር መለሰችለት።

ቤት ስትገባ ባሏ ሸሚዝ ይተኩስ ነበር። የሆነውን ነገረችው። አልደነገጠም። አለመደንገጡ ነው እሷን ያስደነገጣት።

"ታውቅ ነበር" አለችው።

ካውያውን አቆመ። "የእማዬ መድኃኒት በየወሩ ብዙ ያስወጣል። ግማሹ የእኔ ድርሻ ነው፤ ደሞዜ አልበቃ አለ። አንቺን ልጠይቅ አፈርኩ። ጋሼ 'ተወው፣ ከመኪናዋ ላይ ቀስ እያልን እናገኘዋለን' አለኝ።"

"ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"አራት ዓመት።"

"አራት ዓመት ሙሉ የሰው መጋረጃ ታቅፌ እዚያ የተነቀለ ወንበር ላይ ስቀመጥ ታውቅ ነበር። የቀጠርኩት ደንበኛ ዘገየሽ ብሎ ሲሰድበኝ ማታ መጥቼ ስነግርህ 'አይዞሽ' ትለኝ ነበር።"

"እናቴ ናት እኮ።"

"እናትህ መሆናቸውን አጣሁት? አንድ ቀን 'ለእማዬ' ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?"

 ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ሳሎን ወረወረችለት።

በማግስቱ አማቷ ቤት ሄደች። ለእርቅ አልነበረም። መድኃኒቱን ከዛሬ ጀምሮ ራሴ እየገዛሁ በእጄ አመጣለሁ፣ በማንም ኪስ አያልፍም ልትል ነው። አሮጊቷ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ስለነበር በሩን ገርበብ አድርገው ደፉ ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ልጄን በሰው ፊት ሌባ ያልሽው አነሰሽና ልትመጸውቺኝ መጣሽ?"

"መድኃኒትዎን..."

"የምን መድኃኒት! እኔ መድኃኒቴን ከጤና ጣቢያ በነጻ ነው የምወስደው። የባሌ የጡረታ ደብተር አለኝ። ስድስት ዓመቴ! የማንንም ልጅ ሳንቲም ነክቼ አላውቅም፣ ያንቺንማ በሞቴ!" ብለው በሩን ዘጉባት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እንደነገረችኝ ከሆነ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ግን አፏ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ማታ ባሏን "እናትህ መድኃኒታቸውን በነጻ ነው የሚወስዱት፤ ገንዘቡ ወንድምህ ኪስ ነው የቀረው" አለችው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ያ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ በሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፍ አየሁት። የፖስታ ቤት ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ወደ ጋራዡ መንገድ ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ጎድሎት ተመለሰና ሚስቱ ሱቅ ገባ። ግድግዳው ስስ ነው ብያለሁ።

"ምን አለህ?"

"'ለቤተሰብ ብዬ ያደረግሁት ነው' አለኝ።"

"አንተስ?"

"የመኪና መስታወት ሰበርኩ።"

"የማንን?"

"የራሱን።"

የስፌት ማሽኑ ቆሞ ነበር። "እጅህ ይደማል፤ ጨርቁን እንዳትነካብኝ" አለችው። ይቅር አላለችውም። ለብዙ ጊዜም አላለችውም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ራሷ ያዘች። ሽማግሌው ሾፌር ሁለት ቅዳሜ አስተማሯት፤ ለክፍያው የመኝታ ቤታቸውን መጋረጃ በነጻ ሰፋችላቸው። የባሏ ወንድም ግን የሰፈሩን መለዋወጫ ሻጮች ዞሮ "ለእሷ እንዳትሸጡ" ብሎ ነበር። አንዱ ሻጭ ዓይኗን ሳያይ "ፊልትሮ አልቋል" ሲላት ከኋላው መደርደሪያ ሙሉ ተደርድሯል። ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ ሄዳ ገዛች፤ ዋጋው ከሰፈሩ ያነሰ ሆኖ ስታገኘው ደግሞ የባሰ ተናደደች።

የመጀመሪያ ሥራዋ አላማረላትም። የሞተር ዘይት ስትቀይር የታችኛውን ብሎን ከልክ በላይ አጥብቃ ጥርሱን በላችው። ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ አድሮ ደጄ ድረስ ወረደ። ጠዋት አንድ ካርቶን ደብተር ተሸክሜ ስመጣ አንሸራተተኝ፤ ደብተሩም እኔም ዘይት ውስጥ ተነከርን። ያን ቀን የተሰዳደብነውን የሰማ ሁሉ ዳግመኛ አይነጋገሩም ብሎ ነበር። ደብተሬን ከፈለችኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቀችኝም፤ "ዓይን የለህም?" ነው ያለችኝ።

ብሎኑን በትልቅ ለወጠችው። ቀስ በቀስ ሥራው ገባት። ቅዳሜ ቅዳሜ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ ታያለች፣ በቁራጭ ቬልቬት ጠርጋ መልሳ ትከተዋለች። ጎማ ሳይጎድል ታስነፋለች። የአየር ፊልትሮውን አራግፋ ሲያረጅ ትቀይራለች። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትታ በሽቦ ብሩሽ ታጸዳለች። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ሲሰነጠቅ ሳይበጠስ ታወጣዋለች። በፊት በየወሩ ጋራዥ ያስኬዳት ከነበረው አብዛኛው ይሄው እንደነበር ሲገባት አንድ ሳምንት ሙሉ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስትቆጣ ሰነበተች።

ፍሬን ግን አትነካም። "ፍሬን የሰው ነፍስ ነው፤ ቁጠባ አይሠራበትም" ትላለች። ዕቃውን ራሷ ገዝታ ሩቅ ያለ ጋራዥ ትወስድና መካኒኩ የመጨረሻዋን ብሎን እስኪያጠብቅ ድረስ ከአጠገቡ አትነቃነቅም። አሮጌውን ዕቃ በከረጢት ይዛ ትመለሳለች። መካኒኮቹ ሊያዩዋት አይፈልጉም። እሷም እንዲወዷት አልከፈለቻቸውም።

ሁለት ዓመት አለፈ። መኪናዋ በነዚህ ዓመታት መንገድ ላይ የቆመችው አንዴ ነው፤ እሱም ቤንዚን አልቆባት። አማቷ እስከዛሬ ደጇን አልረገጡም፤ ለእሳቸው ጥፋቱ የሰረቀው ሳይሆን የተናገረችው ነው። ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ናቸው። ጋራዡ አልተዘጋም፤ የሚያምነው ሰው ሞልቷል። እሷም በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርባት ሌላ መንገድ አትፈልግም። መስኮቷን ዝቅ ታደርግና ማርሹን ቀንሳ፣ የሞተሩ ድምፅ ግቢው ድረስ እንዲሰማ፣ ዝግ ብላ ታልፋለች።

ባለፈው እሁድ ዕቃ ላስገባ ሱቄን ከፍቼ ነበር። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ቆማለች፤ ከሥሯ የሴትዮዋ እግር ብቻ ይታያል። ባሏ የመሣሪያ ሳጥኑን ታቅፎ አጠገቧ ቁጢጥ ብሏል።

"አስራ ሦስት ቁጥር አልኩህ!" አለች ከሥር።

"አስራ ሦስት ነው የሰጠሁሽ።"

"አስራ አራት ነው። ደብዳቤ እንዴት ነው የምትለየው አንተ?"

መነጽሩን አውጥቶ አደረገ፤ ቁልፉን ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ፈለገ። በዘይት የጠቆረ እጇ ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ መዳፉ እንደተከፈተ ይጠብቃል።

"ይኸው" አላት።

"ደሞ ያንን የዘይት ቆርቆሮ ክደነው፤ አቧራ ይገባበታል።"

ከደነው። ሱቄን ቆልፌ ስሄድ ስለ ቆርቆሮው ክዳን ገና ይጨቃጨቁ ነበር።