በሳምንቱ የሚመለስ ትኩሳት

ሲቀላ ሰፈር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ፖሊሶች ያዙኝ። ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት አንድ ገጽ ነበር። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ አስራ ዘጠኝ ሰው ተጣብቆ ይተኛል፤ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ቅማሉስ ቢሉ፣ ለጉድ ነው!

አጠገቤ የተኛው፣ ከጫኖ የመጣ የሙዝ ገበሬ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ቅማል የሚያመጣው፣ ግርሻ የሚባለው ተመላላሽ ትኩሳት መሆኑን ጠረጠርኩ። "አሁን እያተኮሰው ደሙ ይታይ፤ ከበረደለት በኋላ ጀርሙ በማይክሮስኮፕ አይገኝም" ብዬ ጠባቂውን ለመንኩት። ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዱት ግን በአምስተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ነው። የምርመራው ወረቀት "ምንም አልተገኘም" ይላል። ይኼ አያሳብድም?

"ተመልሶ ይመጣል" አልኩት ጠባቂውን። "ይኼ ጀርም ላዩ ላይ የፕሮቲን ልብስ አለው። ሰውነት ልብሱን ለይቶ ሲያጠቃው፣ ጥቂቶቹ ሌላ ለብሰው ያመልጣሉ። አዲሱን እስኪለይ ድረስ ይባዛሉ።"

"አቦ ዶክተር፣ ወረቀቱ ደህና ነው ይላል" ብሎ ሳቀብኝ።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። የገበሬው ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሚስቱን እየጠራ ይቃዣል። በሩን ደበደብኩ፤ ስለ ፕሮቲኑ እንደገና አስረዳሁ።

"ደህና የተባለ ሰው አላወጣም" አለ ጠባቂው።

ያን ሁሉ ዓመት መማሬ ምን ሊረባኝ! ንድድ አልኩ።

ጠዋት ለመጸዳጃ ሲያስወጡን፣ ከካምባ የመጡ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ከቧንቧው ሥር እርጥብ ሣር ነጩ። በሁለት እጃቸው ይዘው ጠባቂው ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ እንዲህ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ጠባቂውም የጋሞ ልጅ ነው።

"ኧረ ይነሱ አባ! በፈጠረዎት ይነሱ!" አለ ዙሪያውን እያየ።

"የታመመውን ልጅ ትኩሳቱ ሳይለቀው ውሰደው። ያኔ እነሳለሁ።"

ጠባቂው ቀበቶውን ነካካ። በመጨረሻ አለቃውን ጠራ። በሽተኛውን ባጃጅ ላይ ጭነው ወሰዱት፤ የዚያን ቀን ጀርሙ ደሙ ውስጥ ታየ። መርፌ ተወጋና ተረፈ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ማንንም ሳያመሰግኑ ቀና ብለው ወደ ክፍላችን ገቡ።

ዛሬ ተፈትቼ ሥራዬ ላይ ነኝ። ያን ጥምዝምዝ ጀርም አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ልብሱን ቢቀያይር ተፈጥሮው ነው፤ አልፈርድበትም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ አንድ በሽተኛ ሐኪም ፊት እንዲደርስ ያን የሚያህሉ አዛውንት ሲሚንቶ ላይ መንበርከካቸው ነው።