ከቋጥኙ ጀርባ የሚወርደው ውሃ

ጎረቤቴ ያርጋል ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ «ውሃ ይሥላል» እላለሁ፤ ሰዉ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ። የሚሮጥ ነገር እንዴት ተይዞ ይሣላል? ዛሬ ግን ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኋት ፊደል ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ሰው ሳይሞት ቢመሰገን ምን አለበት።

ሰፈራችን ከዳባትና ከደባርቅ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ስሜኑ ገደል ዞር ብሎ ነው። ከበላያችን ሻሽ የምንለው ፏፏቴ አለ፤ ከገደሉ አናት እንደ ነጭ ሻሽ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ ነው ስሙ። ከሥሩ አንድ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ ቆሟል። ከቋጥኙ ወዲህ የወረደ ውሃ በቦይ ወደ እኛ ጓሮ ይመጣል፤ ከጀርባው የወረደ ወደ ማዶ ሰፈር ይሄዳል። የበጋ ነጭ ሽንኩርታችን በዚያ ውሃ ነው የሚበቅለው። ውሃው ከቀረ ሽንኩርቱ ቀረ፤ ሽንኩርቱ ከቀረ እኔን የመሰለች፣ ልጆቿ በየከተማው የተበተኑባት አሮጊት በምን ትኖራለች?

አባቱ መሪጌታ ሚናስ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ሸራውን ከግድግዳ የሚያጣብቁበትን ሙጫ፣ የበሬ ቆዳ እየቀቀልን እንሠራላቸው ነበር። ሽታው እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም። ያርጋል ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቀለም ይበጠብጣል። አንድ ቀን ከሰል አንሥቶ ይሁዳን ሣለና ሁለት ዓይን አወጣለት። መሪጌታ እንዴት እንደጮኹ!

«አጸደቅኸው! አንተ ልጅ፣ ይሁዳን አጸደቅኸው! ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሃል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ከሐዲና ሰይጣን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ስንቴ ልንገርህ?»

ይህን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም፤ ድምፃቸው ትልቅ ነበር።

መሪጌታ ሲያርፉ የታተመ ሥዕል ከከተማ እየመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። ያርጋል የአባቱን ብሩሾች ይዞ ወደ ሻሽ ወጣ። ኀዘን ነው ብለን ተውነው። ኀዘኑ አለቀ፣ እሱ ግን መውጣቱን አልተወም፤ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጎህ ሲቀድ ጣውላውን በጀርባው፣ ጃንጥላውን በብብቱ አድርጎ ይወጣል። በሳንቃ በር በኩል እስከ ጨነቅ ድረስ ያላወቀው ጅረት የለም፤ ሻሽን ግን ሳይሥላት ያለፈ ዓመት የለም። ጉሙ ሲገለጥለት ይሥላል፣ ሲዘጋበት ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ቁራ ብሩሹን ነጥቆት በረረ፤ እሱ «ይሁን፣ ገደሉን እሱ በቅርብ ያየዋል» ብሎ ሳቀ። ብሩሽ ያጠበበትን ውሃ በጣሳ ይዞ ወጥቶ ከደረቅ መሬት ይደፋዋል እንጂ ወደ ወንዙ አይመልሰውም። «ከታች የሚጠጣ ሰው አለ» ይላል። ማንም ሳያየው እንኳ።

አንድ ቀን እንጨት ልለቅም ወጥቼ ከኋላው ቆምሁ።

«ያርጋል፣ ውሃ ነጭ አይደለም እንዴ? ምነው ቡናማና አረንጓዴ ቀባኸው?»

«እትዬ ዘቢደር፣ ውሃ የራሱ መልክ የለውም። ከኋላው ያለውን ነው የሚለብስ። እስቲ አንቱ ዝም ብለው ይዩት።»

ዝም ብዬ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የቀዳሁትን ውሃ የዚያን ዕለት አየሁት።

ትልቁን ሸራ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል። ከጥጓ ዓመተ ምሕረቱንና የዕለቱን በዓል ይጽፍባታል፤ ኅዳር ሚካኤል፣ የካቲት ኪዳነ ምሕረት እያለ። ወረቀቶቹን አይሸጥም፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሸራዎቹን ግን ኮሶዬ ላይ ለመንገደኛ ይሸጣል። አንዱን ትልቅ ሥዕል ዳባት ላይ ሻይ ቤት ያለው ባሽር ገዛው።

በየገበያው ቀን ሽንኩርቴን ሸጬ ከዚያ ሥዕል ሥር ሻይ እጠጣ ነበር። ሻሽ ከቋጥኙ ፊት ለፊት፣ ሰፋ ብላ፣ ሙሉ ፊቷን ሰጥታ ትወርዳለች። ባሽር ሲያየኝ «እማማ ዘቢደር፣ ዛሬም ውሃዎን ሊጠብቁ መጡ?» ይለኛል። «የኔ ነው፣ አልጠብቀውም?» እላለሁ። እንዲህ እያልሁ ስንት ዓመት አየሁት።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ገደሉ ተናደ። ድንጋይና አፈሩ ከቋጥኙ ወዲህ ተከመረ፤ ዝናቡ ሲያባራ ሻሽ በሙሉ በጀርባው ወደ ማዶ መውረድ ጀመረች። ቦያችን ደረቀ። አካፋ ይዘን ልንጠርግ ወጣን፤ ማዶዎቹ ዱላ ይዘው ቆመው አገኘናቸው።

ከፊት የቆመው ደርቤ ነበር፣ አፈኛ ሰው። «እግዜር የዘጋውን ማን ይከፍታል?» አለ። «ድሮም ጠብታ አልነበራችሁም!»

«ድሮ ሙሉው የእኛ ነበር!» አልን እኛ።

ደም ሊፈስ ሲል በሽማግሌ ተያዘ። በአገራችን ደንቡ ውሃ በድሮ መንገዱ ይሂድ ነው። የድሮው መንገድ የቱ ነው የሚለውን የሚቆርጡት የውሃ አባታችን አያ ድረስ ናቸው፤ ለማንም እንዳያደሉ ከሌላ ቀበሌ የተመረጡ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጥን። ማዶዎቹ ማሉ። እኛም ማልን። እኔም ተነሥቼ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሙሉው ውሃ ከቋጥኙ ወዲህ ሲወርድ ነው የማውቀው» ብዬ ማልሁ። እየማልሁም ሥዕሉ ትዝ አለኝ።

«ባሽር ቤት ያለው የያርጋል ሥዕል ይምጣ! እሱ ይመስክር!» አልሁ።

በማግስቱ ጎረምሶቻችን በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ አመጡትና ከጽዱ ግንድ አስደገፉት። ሲገለጥ ሰዉ ሊያየው ተጋፋ። ደርቤ እንኳ አፉን ያዘ።

«ያርጋል፣ ይህን መቼ ሣልኸው?» አሉ አያ ድረስ።

«ናዳው ሳይደርስ አራት ዓመት ቀድሜ።»

«ከቦታው ተቀምጠህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ውሃው እንዲህ ነበር በልና እንቋጨው።»

ያርጋል ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሽ ጀመር። የእሱ ጓሮ ከእኔ ጓሮ ጋር አጥር ይጋራል፤ የእሱም ሽንኩርት ጠውልጎ ነበር። በል እንጂ፣ በል እንጂ እላለሁ በሆዴ።

«አልነበረም» አለ።

ሰዉ ተንጫጫ። «ቀጣፊ!» አለው ከእኛ ወገን አንዱ። ደርቤ ሳቁን ለቀቀው፤ «ሠዓሊ ካልዋሸ ምኑን ሠዓሊ ሆነ!»

«ዋሽቻለሁ» አለ ያርጋል። «ከምቀመጥበት ሲታይ ዋናው ውሃ ከቋጥኙ ጀርባ ነበር፤ ለኔ የሚታየኝ ጎኑ ብቻ ነው። አባቴ ምን እያሉ እንዳሳደጉኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን የመሰለ ቡሩክ ውሃ እንደ ይሁዳ በአንድ ዓይኑ ልሣለው? እጄ እምቢ አለኝ። አውጥቼ ከፊት አወረድሁት።»

«በቃ!» ብሎ ደርቤ ብድግ አለ። «ሙሉው የእኛ ነው፣ ከራሱ አፍ ሰማችሁ!»

«ቆይ አያ ደርቤ፣ አልጨረስሁም።»

ወደ ቤቱ ሮጦ ያንን ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከአያ ድረስ ጉልበት ላይ ዘረጋቸው። ሽማግሌው ካፍንጫቸው እያስጠጉ አዩ፣ ለጎናቸው ሰው እያሳለፉም አስነበቡ። ኅዳር ሚካኤል፣ ወፍራሙ ከጀርባ፣ ከፊት አንዲት ቀጭን ክር። የጥር ሥላሴ፣ ወፍራሙ ከጀርባ፣ ከፊት ያችው ክር። የካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ ክሯ ሳስታለች፣ ግን አለች። በየዓመቱ እንዲሁ።

«እነዚህስ ውሸት አለመሆናቸውን በምን እናውቃለን?» አለ ደርቤ።

አያ ድረስ ከወረቀቱ ቀና አሉ። «አንተ ሰው፣ ለሰፈሩ መዋሸት ቢፈልግ ትልቁ ተሠርቶ አለለት። አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ይበቃው ነበር።»

ደርቤ ተቀመጠ። ናዳውን ሁለቱም ሰፈር አብሮ እንዲጠርግ፣ ውሃውም እንደ ወረቀቶቹ ልክ በቀን ተከፍሎ ከሳምንቱ አምስቱ ቀን ለማዶ፣ ሁለቱ ቀን ለእኛ እንዲሆን ተቆረጠ።

ሁለት ቀን! ሙሉውን በእጃችን ከያዝን በኋላ ሁለት ቀን። የእኛ ሰዎች ያርጋልን ሰላም ማለት ተዉ። በማኅበር ላይ ጽዋው ከእሱ ሲደርስ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ለምን እደብቃለሁ፣ እኔም አዞርሁ። በአጥራችን ላይ «እንደምን አደሩ እትዬ?» ሲለኝ አጎንብሼ ያልበቀለ አረም እነቅላለሁ። ግማሹ መደቤ ጦሙን አደረ። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ጣውላውን ይዞ መውጣቱን አላቋረጠም።

በጥር አንድ ጠዋት የኛ ተራ ደርሶ ቦዩን ልከፍት ወጣሁ። ናዳው ተጠርጎ ክሯ ከቋጥኙ ፊት ትወርዳለች። ማድጋዬን ደቅኜ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልሞላ አለ። ቆሜ ስጠብቅ የግራ ጉልበቴን ዳሰስሁ። ጉልበቴ ላይ ጠባሳ አለ፤ በልጅነቴ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ወድቄ ነው። የት ነበር የወደቅሁት? ከቋጥኙ ጀርባ። ለምን ወደ ጀርባው ሄድሁ? ከፊት ያለችው ክር ማድጋ ለመሙላት ግማሽ ቀን ስለምትፈጅ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ እኔ ቀድሜ ልድረስ ብዬ አሟላጩን ድንጋይ ተሻገርሁ። ማድጋው ተሰበረ፣ እናቴ ገረፈችኝ። ይህ ሁሉ ጉልበቴ ላይ ተጽፎ ሳለ ባሽር ቤት ያየሁትን ሥዕል የገዛ ትዝታዬ አድርጌ ነበር የማልሁት።

ማድጋውን ከክሯ ሥር ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ያርጋል ከድሮ ቦታው ተቀምጦ ይሥላል።

«እንደምን አደርህ ልጄ።»

ብሩሹ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እትዬ፣ ደኅና?»

«በሐሰት ምያለሁ» ብዬ ጉልበቴን አሳየሁትና ነገርሁት። አልገሠጸኝም፣ አልተኩራራም። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎ ድንጋይ ጠረገልኝ፤ ተቀመጥሁ።

«ለማን ነው ይሄ?» አልሁት።

«ለባሽር ነበር፤ በውሸቱ ፈንታ ብዬ። እሱ ግን ‹ደንበኞቼ የለመዱትን ውሃ አልቀይርም› አለኝ።»

ሸራውን አየሁት። ጥቁሩ ቋጥኝ ከመሃል ቆሟል። ዋናው ውሃ ከጀርባው፣ ጎኑ ብቻ ሾልኮ ይታያል።

«በአንድ ዓይኑ?»

«በአንድ ዓይኑ» አለ። «አባቴ ይቅር ይበሉኝ።»

ምን ልበላችሁ፣ ከባሽሩ ሥዕል ይልቅ ይህ በዓይኔ አማረ። የማይታየው ውሃ ድምፁ ከሸራው የሚሰማ ይመስላል። ከቋጥኙ ፊት ግን ገና ባዶ ነበር፤ ብሩሹን ነክሮ የእኛን ሊያወርድ ሲል እጁን ያዝ አደረግሁት።

«የእኛን ትንሽ ብታወፍራት ምን ይልሃል?»

«አንቱም፣ እትዬ ዘቢደር!» ብሎ እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እየሳቀ አወረዳት፤ ቀጭን፣ ልክ እንደነበረች። እኔም ማድጋዬ እስኪሞላ ገና ጊዜ አለኝና ቀስ እያልሁ ወረድሁ።