ከጆሮዋ ሥር የሚነፍሰው

ልብስ ሰፊዋ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ መንጋጋዋ ከተጣበቀ ወዲህ አፏ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ተከፍቶ አያውቅም። ሾፌሩ ባሏ ሲያገባት "ነገር የማታበዛ ሚስት አገኘሁ" እያለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፣ በአፍንጫዋ።

ካገባች ከዓመታት በኋላ ሐኪሞች የተበላሸውን መገጣጠሚያ አውጥተው በብረት ተኩላት። ቁስሉ ሲሽር መስታወት ፊት ቆማ አፏን ከፈተችና ምላሷን እስከ ሥሩ አየችው። የዚያን ቀን ፖም ገምጣ አለቀሰች።

ደስታው ግን አልከረመም። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ ጀመራት፤ ከልቧ ምት ጋር እኩል ይሄዳል። የስፌት መኪናዋን ብታቆም እሱ አይቆምም። ከጆሮዋ ፊት ለፊትም የምትመታ እብጠት ወጣች። ለባሏ ነገረችው።

"ብረቱ ነዋ! እስክትለምጂው ነው" አላት።

ደግማ ብትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይባስ ብሎ ለእህቱ "አእምሮዋን ሳይነካት አልቀረም" ሲል በደህናው ጆሮዋ ሰማችው። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ "ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ ባልየው ቀደም ብሎ "ጭንቀት ነው እንጂ ደህና ናት" አለ። እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሊቀልድባት "እስቲ እኔም ልስማው" ብሎ ጆሮውን ጉንጯ ላይ ለጠፈ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ማንኪያውን እንደያዘ ተነሥቶ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ገባ።

"በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከብረቱ ጀርባ ያለው የደም ሥር ተጎድቷል" አለ ሐኪሙ። "ደሙ እየሾለከ ከረጢት ሠርቷል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?"

በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሥሩን ደፈኑት። ድምፁ ጠፋ። ከረጢቱ የተጫነው የፊቷ ነርቭ ግን አላገገመም፤ ግራ ዓይኗ አልከደን፣ የከንፈሯ ጫፍም አልነሣ አለ።

ባሏ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ "ይቅር በይኝ" አላት።

"አፌ ተዘግቶ እያለ እንኳ የምልህ ይገባህ ነበር" አለችው።

ከሆስፒታል እንደወጣች የስፌት መኪናዋን ይዛ እህቷ ቤት ገባች። ዕቃውን የጫነላትም ያወረደላትም እሱው ነበር። አውርዶ ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ "ልግባ?" አላት።

"አትግባ" አለችና በሩን ዘጋችው።