ከውጭ የተቆለፈ እንቅልፍ

ተስፋነሽ ቀን ቀን የምትተኛው ከውጭ ተቆልፎባት ነው። እሷና ጓደኛዋ ኤልሳቤት ከወላይታ መጥተው ሰበታ አንድ ፋብሪካ ሲቀጠሩ፣ የተከራዩት ክፍል በር ከውስጥ መሸጎሪያ አልነበረውም። ያላቸው አንድ ጓጉንቸር፣ አንድ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ጠዋት ለቀን ፈረቃ የምትወጣው ኤልሳቤት፣ ከሌሊት ፈረቃ ለገባችው ተስፋነሽ ሌባ እንዳይገባባት ቆልፋባት ትሄዳለች። በዚያ የብሎኬት ክፍሎች ረድፍ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ኑሯቸው እንዲሁ ነው። ቀን ላይ ግቢው ጭር ይላል፤ ጆሮውን ጣል ላደረገ ግን ከየተቆለፈው በር ጀርባ የሚተነፍስ ሰው አለ።

ነዋሪውን ቤት ለቤት የሚመዘግቡ የከተማው አስተዳደር ሰዎች ባለፈው ክረምት መጡ። አንዱ በሯ ላይ ቆሞ «ነምኒ ጂራ? ሰው አለ?» አለ። ተስፋነሽ ነቅታለች። ግን አከራያቸው ክፍሉን የሰጡት ለአንድ ሰው ብለው ነው፤ ሁለት መሆናቸው ከተሰማ መባረራቸው ነው። ትንፋሿን ዋጠች። ሰውየው ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አደረገው።

«ባዶ» አለ፤ ታብሌቱን ነክቶ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። «ባዶ… ባዶ…» እያለ ድምፁ ራቀ።

እሱን ሰው ምን ይበሉታል! አንድ ቀን ወደ ማታ ብቅ ቢል ምን ነበረበት? ከእሱ በላይ ያሉትስ ቢሆኑ መቼ ጠየቁ? ባዶ የተባለው ሁሉ ባዶ ሆኖ ተደመረ። በሰፈሩ ሊቆፈር የታሰበው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የት ይለፍ ሲባል፣ ሰው በሌለበት ይለፍ ተባለ። ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተለጠፈም፤ ለሌለ ሰው ማን ይለጥፋል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አልጋዋ ሲንቀጠቀጥ ነቃች። በረድፉ ጫፍ አንድ ነገር ተደረመሰ፤ አቧራው በበሩ ስንጥቅ ገባ። የዶዘር ድምፅ ወደ እሷ ሲጠጋ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

«ሰው አለ!»

ሞተሩ ጠፋ። የማፍረሱ ሥራ ኃላፊ ጃዕፈር የምዝገባው ዝርዝር ያለበትን ታብሌቱን አየ፤ ጓጉንቸሩን አየ።

«ባዶ ነው ይላል እኮ» አለ፣ ለራሱ ይመስል።

ያኔ የጎረቤት በር ከውስጥ ተንኳኳ። ቀጥሎ ያለውም። ጓጉንቸር የተንጠለጠለባቸው በሮች አንድ በአንድ ከውስጥ ይንኳኩ ጀመር። የዶዘሩ ሹፌር ፊቱ አመድ መሰለ።

ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰብረው ተስፋነሽን አወጧት። ጃዕፈር ይቅርታ ሊላት ቢሞክርም እሷ አልሰማችውም። ዓይኗ የረድፉ ጫፍ ላይ ነበር። የጎረቤቶቿ የኢየሩስና የሶፊ ክፍል የብሎኬት ክምር ሆኗል። በሩ ክምሩ ላይ ተጋድሟል፤ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው።

«እህቴ፣ እዚያ የሚኖር ነበር?» አላት ጃዕፈር።

«እነሱም እንደ እኛ ናቸው» አለች። «በፈረቃ ነው የሚተኙት።»

ጃዕፈር ታብሌቱን ጥሎ ሮጠ። ብሎኬቱን በእጁ ያነሳ፣ ይወረውር ጀመር። ከዚያ በኩል የሚያንኳኳ አልነበረም።