እንደ ተራ ሰው

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ከጎኔ ወረፋ የያዙት ሽማግሌ ላፕቶፓቸውን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈውታል። የኮታቸው ክርን ሳስቷል፤ ደረት ኪሳቸው ላይ ግን ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል፣ አንዱ ቀይ። በቀዩ የስንቱን ሰው ማመልከቻ ሰርዘው እንደመለሱ እንጃ፤ አቀማመጣቸው ግን አሁንም የአለቃ ነው።

ተራቸው ሲደርስ ወደ ጠጋኟ ጎንበስ ብለው፣ “የፎቶ ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ። የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፣ እሰጠዋለሁ፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም” አሉ በሹክሹክታ።

ልጅቷ ጥቂት ነካካችና፣ “ጋሼ፣ ሁሉን ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው እንዴ የሚከፍቱት?” አለች። ክፋት የላትም፤ ድምፅዋ ግን ቤቱን ይሞላል። “ስክሪኑ እኮ የተከፈተው በተራ ተጠቃሚ ስም ነው። አስተዳዳሪ ነኝ ብለው ሲመጡ አያስገባዎትም። እንደ ተራ ሰው ይሞክሩት።”

ወረፋ የያዝነው ሁሉ ሳቅን። እኔማ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸው ከፈቱት። መስኮቱ ወዲያው ወጣ፤ የምረቃ ጋውን የለበሰች ወጣት፣ አጠገቧ እናቷ ብቻ። በአውራ ጣታቸው የስክሪኑን አቧራ ከፊቷ ላይ ጠረጉ። ሳቄን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ።

“ልጄ ናት” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። “እሷም በምረቃዋ ዕለት የአዳራሹ በር ላይ ቆማ ይህንኑ ነበር ያለችኝ። ‘አለቃነትህን ውጭ አስቀምጠህ ግባ’ አለችኝ። እኔ ግን ሳልገባ ተመልሼ ሄድኩ።”